አውራ ዶሮው ሰፈር ሲቀሰቅስ፦ በሚጮህበት ሰዓት መንስኤውን ማወቅ

ምግቡን፣ ውሃውን፣ ቅማሉን፣ የቤቱን ንጽሕና አይታችኋል ብዬ ልለፍ። አውራው ለምን እንዳስፈለገ ግን አስቀድማችሁ ለራሳችሁ መልሱ። ለእንቁላል ከሆነ አያስፈልግም፤ ሴቷ ያለ አውራም ትጥላለች። ጫጩት አይፈለፈልበትም እንጂ ለመብላት ያው እንቁላል ነው። ይህን ሰምተው አውራውን ለበዓል ያረዱ ሰዎች ችግራቸው እዚያው አልቋል። ጫጩት የምትፈልጉ፣ ወይም እንደኔ አውራ የሌለበት ግቢ ባዶ የሚመስላችሁ ቀጥሉ።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ግን አትቀጥሉ። በረንዳ ላይ ለታሰረ አውራ መፍትሄ የለኝም። ግድግዳውም ደረጃውም የጋራ ነው፤ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ ነዋሪው በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ እንዲተዳደር ያደርጋል። ማኅበሩ «ይውጣ» ካለ ይውጣ።

ስለ ደንቡ አጠር ላድርገው። የሚያስጠይቀው ድምፁ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ይቆጥራል። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን፣ ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 ማንም ባለቤት ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ጠረን፣ በድምፅ ከጉርብትና ልክ በላይ እንዳያስቸግር ይላል። አውራ ዶሮ ደግሞ አንድ ሜትር ላይ ሲለካ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። በክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል ስለሚቀንስ፣ አሥር ሜትር ላይ ያለ መስኮት 80 ያህል ይደርሰዋል። ለመሆኑ ፒያሳ ጀርባ አሥር ሜትር ግቢ ያለው ማን ነው? ስለዚህ ድምፁን ማጥፋት አይታሰብም። የምንታገለው ከ12 ሰዓት በፊት ያለውን ጩኸት አፍኖ ለማቆየት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁ

ጎረቤት «ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል» ሲል አትከራከሩ፤ ቃል በቃልም አትውሰዱት። የተናደደ ሰው ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚለው። በራቸውን አንኳኩና «እማማ፣ ሲቀሰቅስዎት ሰዓቱን ያዩልኛል?» በሉ። እሳቸው መከበራቸውን ያያሉ፣ እናንተም ምርመራውን ግማሽ ጨረሳችሁ። ወረዳ ሄደው ካመለከቱ በኋላ ግን ይህ ጥያቄ ሹፈት ይመስላል፤ ቀድማችሁ ሂዱ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ከሆነ

ብልሽት የለም። የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አውራዎችን ቀኑ ከሌሊቱ በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አቆይተው፣ ለ24 ሰዓት በቀረበ ዑደት እየጠበቁ መጮህ እንዳላቆሙ አሳይተዋል። ሰዓቱ ውስጡ ነው ማለት ነው፤ ብርሃን ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ስለሆነ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የጮኸ አውራ ሥራውን እየሠራ ነው። «ጨርቅ ጣል አድርግበት፣ ዝም ይላል» የሚለውን ምክር ተዉት። ጨርቅ የሚያታልለው በቀቀንን ነው። የዚህ ሰዓት መድኃኒት ከታች የምገልጸው ሳጥን ብቻ ነው።

ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ከሆነ

ሰው የሚጠራኝ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በዚህ ነው፤ መንስኤውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ብርሃን ነው። ባለቤቱ ግን ብርሃን ነው ብሎ አያውቅም። ሽለምጥማጥ አይቶ ነው፣ ብርድ ነው፣ የሰው ዓይን ነው። ጸበል የረጩበትም ገጥመውኛል። ቆጡ ላይ ፓውዛ እያበራ ጸበሉ ምን ያድርግ?

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የከተማው መሃል ሌሊቱም ቀን ሆኗል። ከአዲሱ መንገድ ዳር የቀሩ ግቢዎች ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ጥሬ መልቀም ይቻላል። ሰፈሩ በጨለማ የኖረ አውራ ድንገት 7 ሰዓት ላይ መጮህ ከጀመረ፣ ስለ ዶሮው ሳትጠይቁ መንገዱ ላይ ምን እንደተተከለ እዩ።

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ያለ አንድ ሰፈር የጠራኝ ሰው «ብርሃንማ አይገባም፣ እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት» ብሎ ተቆጣኝ። ቤቱ ባለ በር፣ ባለ ቁልፍ ነው፤ ቆርቆሮው ግን ከፈረሰ ቤት የተለቀመ። በቀትር አንገቴን አስገብቼ በሩን ዝጋልኝ አልኩት። ጣሪያው በአሮጌ የምስማር ቀዳዳ ተሞልቶ የመስከረም ሰማይ መስሏል። አውራው የሚያድርበትን ቦታ ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከቆጡ ሥር ኩሱ የተቆለለበትን ማየት ነው። ማታ ፓውዛው ሲበራ ጠብቀን አየን፤ ባቄላ በምታክል አንዲት ቀዳዳ የገባው ብርሃን ልክ እዚያው፣ አውራው ኩክኒ ላይ አርፏል። አንዷን ቀዳዳ ብቻ ደፍነን ብንሄድ ከሳምንት በኋላ ሌላዋ ታስጠራኛለች፤ ሁሉንም ደፈንን። ርካሹን ሲሊኮን ግን አትግዙ፣ አንድ በጋ ፀሐይ ሲመታው ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ሬንጅ የነከረ ጨርቅ ይበልጣል። አዲስ ቆርቆሮ ከሁሉም ይበልጣል፤ ለዶሮ ሲሆን ሁሉም ሰው ለምን ከፍራሽ እንደሚለቅም አይገባኝም።

ቀዳዳ በዓይን አትፈልጉ፣ ታመልጣችኋለች። ስልካችሁን ቪዲዮ እየቀረጸ ቆጡ ላይ አስቀምጡና በቀትር በሩን ዝጉ። ከደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ እዩት። ጥቁር ብቻ ከሆነ ቤቱ ደህና ነው፤ መስመር ወይም ነጥብ ካለ ከየት እንደሚገባ ቪዲዮው ራሱ ያሳያችኋል። በብዛት የሚገኘው በማጠፊያው በኩል ባለው የበሩ ክፍተትና ጣሪያው ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት፣ በቆርቆሮው ሞገድ ሥር ነው።

ቤቱ ጥቁር ሆኖ እንኳ የሚጮህ ከሆነ መብራት መሄድና መምጣቱን ጠይቁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ ሰው የግቢውን አምፖል ማጥፊያ ሳይነካ ይተኛል፤ 8 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ግቢው ቦግ ይላል፤ ፍሪጁ ያጓራል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ከየት እንደቆመ ይቀጥላል። አውራው ዝም ቢል ነው የሚገርመው። መፍትሄው ገንዘብ አይጠይቅም፤ መብራት ቢጠፋም ማጥፊያውን አጥፍቶ መተኛት ነው። ይህን ነግሬያቸው «እሺ» ብለው፣ በሚቀጥለው መጥፋት እንደገና የደወሉልኝ አሉ።

ሰው ሲያልፍ የሚበራው የሶላር መብራትም ከዚሁ ነው። ድመት ባለፈች ቁጥር ይበራል። ወይ ወደ ሌላ አዙሩት፣ ወይ አንሱት።

ሳጥኑ

ለንጋቱ ጩኸት የሚሠራው የማደሪያ ሳጥን ነው። ቀን ግቢው ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ቆጡ ላይ ከወጣ በኋላ አንስታችሁ ታስገቡታላችሁ። ዶሮ በጨለማ ስለማታይ አትታገልም፤ በቀን ለመያዝ የሚሮጡ ሰዎች ለሰፈሩ ሌላ ትርኢት ነው የሚጨምሩት።

ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው። ወፍራም ጣውላ በሁለት ሽፋን፣ መሃሉን ደረቅ አሸዋ ሙሉበት። ቺፕውድ ውጭ አትጠቀሙ፣ ክረምቱ ሲነካው አብጦ ይፈረፈራል። የቆርቆሮ ሳጥንማ ከበሮ ነው። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ የምትለጥፉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ስቱዲዮ አይታችሁ ይሆናል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን አያግድም፣ ቅማልም ያራባል። ስፖንጅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አውራው እየነጨ ይውጠዋል፣ አንገቱ ሥር ያለው የጥሬ ማጠራቀሚያ ይደፈናል።

ቁመቱ ቆሞ የሚዞርበት፣ አንገቱን ሽቅብ መዘርጋት ግን የማይችልበት ይሁን። አውራ ለመጮህ ይንጠራራል፤ ጣሪያው ከከለከለው አንዳንዱ ይተዋል፣ አንዳንዱ ጎንበስ ብሎም ይጮሃል። ጎንበስ ብሎ የሚጮኸውን ድምፅ ሳጥኑ ይቀንሰዋል። አጎንብሶ እንዲያድር የሚያስገድድ ሳጥን ግን ግፍ ነው፣ አልሠራም።

አየር። ጎረቤት ፈርታችሁ ሁሉን ነገር አትድፈኑ፣ ይሞትባችኋል። በአንዱ ጎን ከታች፣ በተቃራኒው ጎን ከላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑር፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ውጭ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚታጠፍ የጣውላ ቦይ ሥሩለት፣ ውስጡን ጥቁር ቀቡት። አየር ይታጠፋል፤ ብርሃን አይታጠፍም፣ ድምፁም በየማጠፊያው ይደክማል። ከሥሩ ሰጋቱራ ይነጠፍ፣ በየቀኑ ይቀየር፤ የኩሱ ጠረን ዓይን ካቃጠለ ሳንባውንም እያቃጠለ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መከፈት አለበት። ማን እንደሚከፍት ስሙ ተጠርቶ ይታወቅ። ሳጥኑ የጠዋት ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይሁን። አንድ ቤት ሁሉም ሌሊት ለለቅሶ ወጡ፣ አንዱ ሌላው ከፍቶታል ብሎ አሰበ፤ ሳጥኑ በምሥራቅ በኩል ግድግዳ ሥር ነበር። ሲመለሱ ቀትር ሆኗል፣ አውራውም ሞቷል። ቁልፉን ለጎረቤት ስጡ። የሚያማርሩት ጎረቤት ከሆኑ ደግሞ የተሻለ፤ ከዚያ ወዲያ አውራው የእሳቸውም ነው።

አንገት ማሰሪያ

በየቴሌግራሙ የሚሸጠው ጨርቅ ማሰሪያ አንገቱ አየር ሞልቶ እንዳይወጣ ጠብቆ የሚይዝ ነው። ትንሽ ከላላ አይሠራም፣ ትንሽ ከጠበቀ ያንቃል፤ ጥሬ በልቶ አንገቱ ሲያብጥ ደግሞ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ይጠብቃል። ጎትቶ ጥፍሩን ያስገባበትና በአንድ እግሩ የቆመ አውራ አይቻለሁ። የካልሲ ላስቲክ፣ የፀጉር ላስቲክ፣ ገመድ የምታስሩ ሰዎች፦ ከማነቅ በካራ ይሻለዋል።

የበዓል ሰሞን

ዓመቱን በሙሉ ደህና የነበረ አውራ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን ሲቀረው ካበደ ምንም አትንኩ። ከሾላና ከመርካቶ የተገዙ አውራዎች በየግቢው ታስረዋል፤ አንዱ ሲጮህ የእናንተው ይመልሳል። ቦታ የማያውቅ አውራ ደግሞ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ይጮሃል። የዋዜማው ቀን ሲደርስ ሰፈሩ ራሱ ይፈታዋል። በዚያ ሳምንት ክስ ቢመጣ የማን አውራ እንደጮኸ ማንም አያውቅም፤ ቢሆንም ሳጥኑን አትተዉ።

የቀሩት

ቀን በየደቂቃው ከጮኸ የራሱን ምስል የሚያይበት መስታወት ወይም የቆመ መኪና ፈልጉ። ድምጹ ከጎረነነ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም አንገቱ ከተጣመመ «ጎረቤት ተገላገለ» አትበሉ፣ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ለይታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ ክትባቱ ለጤነኞቹ እንጂ ለታመመው አይጠቅምም። አራት አምስት ወር የሆነው ጎረምሳ ገና እየለመደ ስለሆነ ያንቋርራል፣ ጥቂት ጠብቁት።

ሁለት አውራ ያላችሁ ደግሞ አንዱን ስታርዱ ጩኸቱ በግማሽ እንዲቀንስ አትጠብቁ። ንጋት ላይ ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ ነው፤ እሱ ሲሄድ ሁለተኛው ቦታውን ይይዛል። የትኛው እንደሚቀር የምትመርጡት በጩኸት ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ሳጥን ውስጥ አሳድራችሁ ከጎረቤት መስኮት ሥር ቆማችሁ ስሙ፤ አጎንብሶ የማይጮኸውን አስቀሩ። የሚታረደው የሐበሻ ከሆነ እሳት ላይ ቆየት ይላል፤ ሽንኩርቱን ቀደም ብላችሁ ጣዱ።