ከሄሊኮፕተር ወደ አውሮፕላን፦ ኮሜርሻሉን እንዴት እንጨምር?

አሜሪካ ውስጥ የሄሊኮፕተር ኮሜርሻል ፈቃድ (በክፍያ ለማብረር የሚያስችል ፈቃድ) ያላቸው ልጆች «አውሮፕላኑን ልጨምር ነው፣ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። አስተማሪ ስለሆንኩ ሁሉንም የምመልሰው በአንድ ነገር ነው፤ እቅዳችሁን በአውሮፕላን መብረር ባለባችሁ 50 ሰዓት ዙሪያ አውጡ።

የጽሑፍ ፈተና አያሳስባችሁ። በኮሜርሻል ደረጃ አንዴ ስላለፋችሁ ኤፍ.ኤ.ኤ. (የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ) ድጋሚ አይጠይቃችሁም። ለፈቃዱ ከሚፈለገው 250 የበረራ ሰዓት ውስጥም የሄሊኮፕተሩ ይቆጠርላችኋል። 50ው ግን በአውሮፕላን፣ ያውም በፒ.አይ.ሲ. (በዋና አብራሪነት) የተመዘገበ መሆን አለበት። የአውሮፕላን ሬቲንግ (በፈቃዳችሁ ላይ አውሮፕላን ማብረር የሚፈቅድ ምድብ) ከሌላችሁ ደግሞ ፒ.አይ.ሲ. የምትመዘግቡት ብቻችሁን ስትበሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የግል አብራሪነቱን በአውሮፕላን አውጡ። ከዚያ በኋላ መሪውን እስከያዛችሁ ድረስ አስተማሪ አጠገባችሁ ቢቀመጥም ሰዓቱ የእናንተ ነው። የኮሜርሻል ሥልጠናው ራሱ ከ50ው ውስጥ ይቆጠርላችኋል፤ ኪራይ ሁለቴ አትከፍሉም።

ለኮሜርሻሉ የሚጠየቀውን ረጅሙን በረራ ቀድማችሁ አስቡበት። በጠቅላላው 300 ኖቲካል ማይል፣ ቢያንስ ሦስት ቦታ ማረፍ፣ አንዱ ከመነሻው በቀጥታ መስመር 250 የሚርቅ። ሰሜን ቨርጂኒያ ላላችሁ፣ ከማናሳስ ተነስቶ ደቡብ ካሮላይና ሮክ ሂል ማረፍ ርቀቱን ይሸፍናል። በሌሊት የሚጠየቁት 10 መነሳትና 10 ማረፍ ደግሞ ታወሩ (የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው) ሥራ ላይ ባለበት ኤርፖርት መሆን አለባቸው። ማናሳስ ታወር አለው፤ ሰዓቱን ብቻ አጣሩ።

አሁን ወደ እጃችሁ ልምጣ፤ ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ሄሊኮፕተር ላይ ግራ እጅ ኮሌክቲቩን (ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማንሻ) ይይዛል፤ ወደ መሬት ስትወርዱ ሳብ ታደርጉታላችሁ፣ ያነሳችኋል። አውሮፕላን ላይ ግራ እጃችሁ የያዘው መሪውን ነው። ዝቅ ስትሉ ሳብ ካደረጋችሁት አፍንጫው ይነሳል፣ ፍጥነት ይወድቃል፣ ከዚያ ስቶል ነው፤ ክንፉ መሸከም ያቆማል። አውሮፕላን እንዲያነሳችሁ ኃይል የሚጨምረው በቀኝ እጃችሁ ያለው ስሮትል (የሞተር ኃይል ማንሻ) ነው። መሬት ላይ ቆማችሁ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ «ዝቅ አልኩ» እያላችሁ ቀኝ እጃችሁን ወደፊት መግፋት ተለማመዱ። እስኪሰለቻችሁ ድረስ። ሌላው፣ ለማረፍ ስትጠጉ ፍጥነት እየቀነሳችሁ መምጣት ለምዳችኋል። እዚህ አይሠራም፤ ፍጥነቱን እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ያዙት።

የሚጠቅማችሁ ልምድም አላችሁ። ፈተናው ላይ ከማኮብኮቢያው ትይዩ እየበረራችሁ ኃይል ቀንሳችሁ፣ 180 ዲግሪ ዞራችሁ፣ ከመረጣችሁት ነጥብ ሳታጥሩ በ200 ጫማ ውስጥ ታርፋላችሁ። አውቶሮቴሽን (ሄሊኮፕተርን ያለ ሞተር ኃይል ማሳረፍ) የለመደ ዓይን ይሄን ቶሎ ይይዘዋል።

በመጨረሻ የኢንስትሩመንት ሬቲንግ፣ ማለትም ውጭ ሳይታይ በመሣሪያ ብቻ ለማብረር የሚሰጠው ፈቃድ። የሄሊኮፕተሩ ወደ አውሮፕላን አይዞርም። የአውሮፕላኑ ከሌላችሁ በሌሊት፣ ወይም ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ በሚያስኬድ ጉዞ፣ መንገደኛ በክፍያ መጫን ክልክል ነው። የሄሊኮፕተሩ ካላችሁ ግን ለዚህም የጽሑፍ ፈተና የለም። እኔ ከግሉ ቀጥሎ፣ ከኮሜርሻሉ በፊት ብታወጡት እመርጣለሁ፤ ለኮሜርሻል የሚጠየቀውን የ10 ሰዓት የኢንስትሩመንት ሥልጠናም እዚያው ታስገቡታላችሁ።