ድርጅት ሲከሰስ፦ ከመጥሪያ እስከ መከላከያ መልስ

በአቃቂ ቃሊቲ ለሚገኝ ፋብሪካ የተላከ መጥሪያ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው በር ላይ ላለው ጥበቃ ነው። ጥበቃው ፈርሞ ይቀበልና ከመኪና መመዝገቢያ ደብተሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ሲያየው የመልስ ማቅረቢያው ቀን ደርሷል። ስለዚህ ጠበቃው ጉዳዩን እንደተረከበ መጥሪያውን ማን፣ በየትኛው ቀን እንደተቀበለው ያጣራ። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 70 መሠረት ክርክሩ በሌለበት ይታይበታል። ፍርዱን በቁጥር 78 ለማስነሳት ደግሞ ካወቀበት ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ አንድ ወር ሲሆን፣ «ጥበቃው ረስቶት ነው» ብሎ ዳኛን ማሳመን ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ወደ ፋብሪካው መሄድ ነው። ክሱ የዕቃ ጉድለት ከሆነ፣ የገቢና የወጪ ደረሰኞች ከነጥራዛቸው ይታዩ። ለጠበቃ የሚላክ ኮፒ ንጹሕ ነው፤ በጥራዙ ላይ ግን የመጋዘን ሠራተኛው በእርሳስ «12 ካርቶን የተቀደደ» ብሎ ጽፎበት ሊገኝ ይችላል፣ ይህም ለደንበኛው ይጥቀምም ይጉዳም ከከሳሽ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ሠራተኛው ሥራ ለቆ ከሆነ አድራሻው ሳይውል ሳያድር ይያዝ፤ የምስክሮች ዝርዝር ከመልሱ ጋር ይቀርባልና።

መቃወሚያዎች፣ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ አስቀድመው የሚነሱ ተቃውሞዎች፣ በቁጥር 244 መሠረት በጊዜያቸው ይነሱ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የይርጋው ዘመን (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) በመርህ ደረጃ 2 ዓመት፣ ለውል 10 ዓመት ሲሆን፣ ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አያነሳም፤ ጠበቃው ከዘለለው ደንበኛው ጥቅሙን አጣ ማለት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ፋብሪካው ዱከም ለሆነ ድርጅት የፍርድ ቤት ሥልጣንም በጥንቃቄ ይመርመር፤ የአካባቢ ሥልጣን መቃወሚያ በመጀመሪያው አጋጣሚ ካልተነሳ እንደተተወ ይቆጠራል።

የመልሱ ልብ ግን ቁጥር 83 ነው፦ በግልጽ ያልተካደ ፍሬ ነገር እንደታመነ ሊወሰድ ይችላል። «ክሱ በጠቅላላው ሐሰት ነው» የሚል መልስ ቁጣን ይገልጽ እንደሆነ እንጂ ክህደት አይባልም። ከሳሽ «200 ኩንታል አስረክቤያለሁ» ካለ፣ መልሱ ስንት ኩንታል፣ መቼ፣ በየትኛው ደረሰኝ እንደገባ ይናገር፤ እውነት የሆነውንም ማመን ክርክሩን ወደ ጭብጡ ያጠበዋል። የከባድ መኪና ግጭት ከሆነና የመድን ሽፋን ካለ፣ መድን ሰጪው በቁጥር 43 ወደ ክርክሩ እንዲገባ ይጠየቅ።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ በቁጥር 92 መሠረት መልሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጦ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱ አንቀጽ ይነበብለት። «እዚህ ላይማ እንዲህ አልነበረም» የሚለው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው፤ የሚታረመውም ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) ጋ ሳይደርስ ነው።