አባታችን ጡረታ ሲወጡ የሚበላሹ ነገሮች

ጡረታ ወጡ ለማለት «አባታችን እኮ አረፉ» እያላችሁ ሰው አታስደንግጡ። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር አረፈ የሚባለው ለሞተ ነው። ጡረታ የወጣ ቄስ ከደመወዝ መዝገብ ወጣ እንጂ ከክህነቱ አልወጣም፤ አቅም ካለው ይናዝዛል፣ ይባርካል፣ ፍትሐት ያደርሳል። ጅማ ላይ ደጋግመን የምናያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

የንስሐ ልጆችን እንደ ዕቃ ማስረከብ

ከሁሉ የባሰው ይኸኛው ነው። ሰበካ ጉባኤው ተተኪውን ካህን ጠርቶ «የአባን ልጆች በሙሉ ተረከብ» ይላል፤ ደብተሩም ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? የንስሐ ልጅ እንደ ንብረት በሞዴል 19፣ በዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ፣ ገቢ አይደረግም! አባትና ልጅ አብረው ለመቀጠል ከፈለጉ ጡረታው አይከለክላቸውም። አባ መንቀሳቀስ ካቃታቸው ወይም ጅማን ለቀው ወደ ትውልድ አገራቸው ከገቡ፣ ልጁ ተጠይቆ፣ ወዶ፣ ከአባቱ ተሰናብቶ ወደ አዲሱ ይሄዳል።

ደብተር መስጠት ካስፈለገ የሚሰፍረው የክርስትና ስም፣ ሰፈር፣ ስልክና የቤተሰቡ ብዛት ነው። ከዚያ ያለፈ አንዲት ቃል አይገባበትም። አንዳንድ አባቶች እንዳይረሱት ብለው ቀኖናውን፣ ማለትም ለንስሐ የሰጡትን ቅጣት፣ ከስሙ ጎን ይጽፋሉ፦ «ወልደ ማርያም፣ በቀን 40 ስግደት፣ እስከ ፍልሰታ»። ይህችን መስመር ያነበበ ሰው ኃጢአቱ ምን ይሆን ብሎ መገመት መጀመሩ አይቀርም። እንዲህ ያለ ገጽ ከርክክቡ በፊት ይቃጠላል፤ ክርክር አያስፈልገውም። ያልተፈጸመ ቀኖና ካለ አባ ራሳቸው ያስፈጽሙታል፤ ካልሆነም ልጁ በገዛ አንደበቱ ለአዲሱ አባቱ ይናገራል። ሌላው፣ እዚህ በኦሮምኛ ካልሆነ ልባቸውን መክፈት የማይችሉ ምእመናን ብዙ ናቸው። ኦሮምኛ የማይሰማ ካህን ሰጥቶ አስተርጓሚ መፈለግ ንስሐን ስብሰባ ማድረግ ነው።

ንዋየ ቅድሳትን በቁጥር ብቻ መረከብ

አባ ቄሰ ገበዝ (የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቅ ካህን) ወይም አስተዳዳሪ ከነበሩ ርክክብ አለ። «መስቀል 6፣ መጽሐፍ 14» የሚል ወረቀት ማንንም አያድንም፤ የብሩ መስቀል በነሐስ ቢለወጥም ቁጥሩ ያው 6 ነው። ከምን እንደተሠራ፣ ርዝመቱ፣ የሰጪው ስም ተቀርጾበት እንደሆነ ይጻፍ፤ ብራና ከሆነ ቅጠሉ ተቆጥሮ የጎደለው ይመዝገብ። የቁርባኑን ዕቃ፣ ጻሕሉን፣ ጽዋውንና እርፈ መስቀሉን፣ ማንም ሰው እንደ ልቡ ስለማይነካ፣ ካህናቱ ከመቅደስ እየጠሩ፣ ጸሐፊው ቅድስት ሆኖ ይመዘግባል። አባ በግላቸው ያገኙት የእጅ መስቀል ካለ ከቆጠራው በፊት ይነገር፤ ቆይቶ ከተነሣ ሐሜት ይሆናል።

ደግሞ በሐምሌ አትረካከቡ። የጅማ ክረምት ዕቃ ቤት የተከማቸ ልብሰ ተክህኖ ያሻግታል፤ በዝናብ በችኮላ ተቆጥሮ የተቆለፈ ሣጥን መስከረም ላይ ሲከፈት የሻገተው ሁሉ በአባ ይሳበባል። ጥር ላይ ልብሱን ፀሐይ አስመትቶ መቁጠር ይሻላል።

የጡረታውን ሂሳብ በመጨረሻው ወር ማሰብ

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ውስጥ የሃይማኖት ተቋም ሠራተኛ የሚገባው በፈቃዱ ነው። ስለዚህ «ይቆረጥልኝ ይሆናል» ማለት አያዋጣም፤ 7 በመቶው ከካህኑ፣ 11 በመቶው ከአሠሪው በየወሩ መግባቱ በሰነድ ይታይ። የሚቆጠረው መዋጮ የተከፈለበት ዘመን እንጂ የተቀደሰበት ዘመን አይደለም። 40 ዓመት አገልግለው መዋጮው የተከፈለላቸው 12 ዓመት ከሆነ፣ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ለቀሪው በየዓመቱ 1.25 ተደምሮ የሚያገኙት ከመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ 32.5 በመቶ ነው። ይህን በ60 ዓመት ከመስማት በ45 መስማት ይሻላል።

ሰው ሲጎድል ሽማግሌውን መጥራት

ቅዳሴ ከ5 ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት። ሰሞነኛው፣ የሳምንቱ ተረኛ፣ ሲቀር ታዲያ ስልክ የሚደወለው ጡረታ ለወጡት አባት ነው፤ እምቢ ማለት አያውቁማ። የሚቀድስ ሰው ይቆርባል፣ ለመቁረብ ደግሞ 18 ሰዓት መጾም አለ። ስኳር ላለባቸውና መርፌ ለሚወስዱ አባት ይህ ራስን መሳት ነው። ኪዳን ያድርሱ፣ ያስተምሩ፣ ወንበር ይቅረብላቸውና ንስሐ ይቀበሉ። የጎደለውን ሰሞነኛ መተካት የአስተዳዳሪው ሥራ ነው።

ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ እስከ መቼ እንደሚኖሩበት በደብዳቤ ይጻፍ፤ የባለቤታቸውም ስም ይግባበት። በቃል የተሰጠ ቤት ከቀብር በኋላ የለም።

ተተኪውን በመጀመሪያው እሑድ ከአባ ድምፅ ጋር ማወዳደር ነውር ነው።

ሽኝቱን ረቡዕ ወይም ዓርብ አታድርጉት፤ ሥጋ ካለ ደግሞ ጅማ ላይ ጎረቤቱ ሙስሊም መሆኑ አይረሳ። ለእነሱ የሚታረደው በእነሱ ሰው ይታረድ፤ ድስቱ፣ ቢላዋውና ጭልፋው ከሌላ ቤት ይምጣ፤ ማብሰያውም ለብቻ ይሁን። ሙስሊሞቹ እናቶች ራሳቸው ቢሠሩት ይመረጣል፤ አለበለዚያ እንግዳው ለስላሳ ጠጥቶ ይሄዳል። ስጦታው የጅማ ዕንጨት ይሁን ከተባለም፣ ያ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለዓይን ነው እንጂ ዕድሜ ልኩን ለቆመ ጉልበት አይሆንም። መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር እዘዙ፤ ከፍታው በአባ ጉልበት ልክ ይሁን።