የደንገጎን ዳገት ከመውጣታችሁ በፊት

አቦ፣ ከድሬ ወደ ሐረር የምትነዱ፣ ማታ መኪናችሁ ስር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ላይ ቀለምም ሽታም የሌለው እርጥበት ካያችሁ የኤሲ ጠብታ ነው፣ አትጨነቁ። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው ግን ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። (መርዝ ነውና ልጅም ውሻም ሳይቀምሰው ጥረጉት።) መጀመሪያ የራዲያተሩን ጎማ ማሰሪያ እዩ፤ ላልቶ ከሆነ በካቻቢቴ ይጠብቃል። እኔ ንቄው ዳገቱ መሀል የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ወጣብኝ። እንዲህ ሲገጥማችሁ ኤሲውን ዘግታችሁ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዳትነኩት! የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይገነፍላል። በደንብ ሲበርድ ውሃ ሙሉና ቀስ እያላችሁ ወደ ሜካኒክ።