በድሬ ሙቀት ውሻ ይዛችሁ ስትወጡ

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ላይ አንድ ልጅ ከቀኑ 9 ሰዓት ውሻውን አስፋልት ላይ ሲያስሮጥ አየሁት። እሱ ነጠላ ጫማ አድርጓል። ውሻው እግሩን ቶሎ ቶሎ ያነሳል። «እየደነሰ ነው እኮ» ብሎኝ ሳቀ። ወንድሜ፣ እየተቃጠለ ነው!

ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እንጃ። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጉና እስከ 7 ቁጠሩ። ካልቻላችሁ ውሻውም አይችልም። የድሬ አስፋልት ደግሞ ፀሐይ ጠልቃም ቶሎ አይበርድም። እኔ የምወጣው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ካመለጠኝ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ።

ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም። መዳፉ ላይ ትንሽ ያልበዋል፤ ዋናው መላው ማለክለክ ነው። አየሩ ራሱ ሲግል ማለክለኩም አያዋጣውም። አፍንጫቸው ጠፍጣፋ የሆኑትማ ይብስባቸዋል።

እኔም ጥፋተኛ ነበርኩ። የመጀመሪያ ውሻዬን ግንቦት ላይ ኳስ እየወረወርኩ ሳስሮጠው ዋልኩ። ኳስ እስከወረወርክለት ድረስ ደከመኝ የሚል ውሻ የለም። በመጨረሻ ተንገዳግዶ ወደቀ። ደንግጬ ሽርጤን ውሃ ነክሬ አለበስኩት። ሐኪሙ «ሙቀቱን አፈንክበት» ብሎ ተቆጣኝ። ለካ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ውሃ ማፍሰስና ማራገብ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሮጥ ነበር። የጤነኛ ውሻ ሙቀት 38 ከምናምን ነው፤ ከ41 ካለፈ ለሕይወቱ ያሰጋል። የኔው እንደ ምንም ተረፈ።

ገመዱን ባጃጅ ላይ አስሮ ማስሮጥ? አይደረግም፣ በቃ። ቡችላንም ረጅም መንገድ አታስሩጡ፤ አጥንቱ ገና ነው። ትልልቆቹ ዝርያዎች ከ1 ዓመት በላይ ያድጋሉ።

ስለ ክትባት አልናገርም። ያልተከተበ ውሻ ይዞ ከሚወጣ ሰው ጋር ወሬ የለኝም።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ ውሻው ቆሞ ሲያሸት ገመዱን መንጨቅ ነው። ለእሱ ማሽተት ለኛ የበርጫ ወሬ ማለት ነው፤ ሰፈሩ እንዴት እንዳደረ የሚሰማው በአፍንጫው ነው። ተዉት፣ ያሽት። ጭንቅላቱም ይሠራል፣ ቤት ሲገባም ይተኛል። ሙቀቱ ካላስወጣችሁ ደግሞ ምግቡን አሮጌ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ ፈልጎ ያግኝ። ቀን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውለው ሌሊቱን ቢጮህ ምን ይገርማል?

የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጠዋት ጠዋት ለመዳፍ ይመቻል፤ እኔም እወስዳቸዋለሁ። ክረምት ላይ ግን ወደዚያ ዝር አልልም። ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎም ደጋው ከዘነበ ጎርፉ ይመጣል። የ1998ቱን አይተናል።

አብልቶ ወዲያው ማስሮጥም አለ። ሆዱ ሊነፋ ይችላል። መጀመሪያ ሩጫው፣ ከዚያ እረፍት፣ ምግቡ በኋላ ይድረስ።