የቲዩብ ጊታር አምፕ ድምፁ ሲቆራረጥ

አምፓችሁ ድምፁ ከደከመ ወይም ከተቆራረጠ ቲዩብ (ድምፁን የሚያጎላው አምፖል መሰል የመስታወት ክፍል) ልትገዙ አትሩጡ። መጀመሪያ ጊታሩንና ኬብሉን ቀይራችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ፣ ኢፌክት ሉፕ (የኢፌክት መሣሪያ የሚገናኝበት መውጫና መግቢያ) ካለው፣ ሴንድና ሪተርን የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ኬብል አገናኙ። ድምፁ ከተመለሰ ጥፋተኛው የሪተርን ጃክ (ቀዳዳ) ነው፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን የብረት ምላስ ትቆሽሽና ሲግናሉን ታቋርጣለች። አምፑን አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ በጥቂቱ ንፉበት፤ ከዚያ ኬብሉን ጃኩ ላይ 10 ጊዜ ያህል ሰካ ነቀል አድርጉ።

ሳትጫወቱ ደወል የሚመስል ጩኸት ካለ ግን አምፑን አብርታችሁ ትንንሾቹን 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች አንድ በአንድ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። ለጊታሩ መግቢያ የሚቀርበው ትንሽ ቢሰማ ጤነኛ ነው፤ የሚጮኸውን ወይም የሚንኮሻኮሸውን ቀይሩ። እነዚህ ባያስ (ቲዩቡ ሥራ ፈትቶ ሳለ የሚያልፍበትን የኤሌክትሪክ መጠን) ማስተካከል አይፈልጉም፤ ትልልቆቹ የፓወር ቲዩቦች ግን በብዙ አምፖች ላይ ይፈልጋሉ። ከትልልቆቹ የአንዱ ውስጠኛ ብረት እንደ ፍም ከቀላ ወዲያው አጥፉ።

ስፒከር ሳይገናኝ በፍጹም አታብሩ፣ ሲግናሉን ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው የአውትፑት ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ሻሲውንም (የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን የያዘውን የብረት ሳጥን) አትክፈቱ፦ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።