ፈርምዌሩ ከታደሰ በኋላ አላስገባ የሚል ራውተር፦ ችግርና መፍትሔ

ፈርምዌር (ራውተሩን የሚያሠራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ከታደሰ በኋላ የመቆጣጠሪያ ገጹ አልከፈት ሲል ብዙ ሰው «ራውተሩ ተቃጠለ» ብሎ ይደመድማል። መብራቶቹ እንደ ወትሮው ከበሩና ኬብል የተሰካበት ፖርትም ካበራ ግን ራውተሩ በሕይወት አለ፤ በአብዛኛው አድራሻው ተቀይሯል፣ ወይም ኮምፒውተሩ የድሮውን አድራሻ የሙጥኝ ብሏል።

ምልክት፦ የዋይፋዩ ስም ተቀይሯል፤ የለመዱት አድራሻ ሲጻፍም ገጹ አይመጣም።

ምክንያት፦ አዲሱ ፈርምዌር የቀድሞውን ቅንብር አጥፍቶ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሶታል። ባለቤቱ ቀድሞ 192.168.10.1 ብሎ ሰይሞት ከነበረ አሁን በአብዛኛው 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ሆኗል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በእጅ የተሞላ ቋሚ አድራሻ ካለው ደግሞ ራውተሩ ጤነኛ ቢሆንም ሁለቱ አይገናኙም። አንድ ደንበኛ ለፕሪንተር ሲል ቋሚ አድራሻ ሞልቶ ረስቶት ራውተሩን ደጋግሞ ሪሴት ካደረገ በኋላ አዲስ ሊገዛ ሲል መጣ፤ የላፕቶፑን አድራሻ ወደ አውቶማቲክ ስመልሰው ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ሌላው ቤት ሁለት ራውተሮች ተያይዘው ነበር፤ የታደሰው ወደ 192.168.1.1 ሲመለስ ከፊት ካለው ራውተር ጋር በአድራሻ ተጋጨ። ባለቤቱ በሌላው ራውተር ገጽ ላይ የራሱን የይለፍ ቃል ሲሞክር ሲሞክር፣ ያኛው ራውተር በሩን ዘጋበት።

መፍትሔ፦ የኮምፒውተሩን ዋይፋይ አጥፉ፤ ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ላን ፖርት (የቤት መሣሪያዎች የሚሰኩበት) ከተዘረጋው አንድ ኬብል በቀር ሌላውን የኔትወርክ ኬብል ሁሉ ንቀሉ፤ ወደ ዋን ፖርት (የኢንተርኔት መስመሩ የሚገባበት) እንዳትሰኩ። የኮምፒውተሩን አድራሻ ወደ አውቶማቲክ መልሱና የኔትወርክ ዝርዝሩ ውስጥ «ጌትዌይ» የሚለውን ተመልከቱ፤ የራውተሩ አድራሻ እርሱ ነው። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ ግን ከራውተሩ አድራሻ አልተሰጠውም፣ ለራሱ ሰይሟል ማለት ነው። ያኔ 192.168.1.10፣ ማስክ 255.255.255.0 ብላችሁ በእጅ ሞልታችሁ 192.168.1.1ን ሞክሩ፤ ካልሆነ በ192.168.0.10 ሆናችሁ 192.168.0.1ን። ሥራው ሲያልቅ ወደ አውቶማቲክ መመለስን አትርሱ፤ የሚቀጥለው ብልሽት ከዚያ ይጀምራል።

ገጹ ተከፍቶ የይለፍ ቃሉን ካልተቀበለ፣ ከራውተሩ ሥር ባለው ስቲከር ላይ የተጻፈውን ሞክሩ። ገጹ ተሰባብሮ ወይም ባዶ ሆኖ ከመጣ በአብዛኛው ብራውዘሩ የድሮውን ገጽ አስቀምጦ ስለያዘ ነው፤ በግል መስኮት ክፈቱት።

ሪሴት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሳትጽፉ ቁልፉን አትንኩ፤ ሁሉንም ይጠርገዋል፤ ገጹን መክፈት ቢቻል እንኳ ኢንተርኔት አይኖርም። ቁልፉ ኃይል እንደተሰካ ለ10 ሰከንድ ያህል ይጫናል። ከዚያ በኋላ የድሮ ፈርምዌር ላይ የተቀመጠን የቅንብር ፋይል መልሶ መጫን ደግሞ የተፈታውን ችግር መልሶ መጥራት ሊሆን ይችላል፤ ቅንብሩን በእጅ ሙሉት።

መብራቶቹ ያለማቋረጥ የሚርገበገቡ ከሆነና በየትኛውም አድራሻ ካልመለሰ፣ በአብዛኛው የፈርምዌሩ ጽሕፈት መሃል ላይ ተቋርጧል፤ ብዙ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ 192.168.0.66 ተብሎ ሲሰየም ፈርምዌሩን በቲኤፍቲፒ (ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ) ከእርሱ ይወስዳሉ። በኦፕንደብልዩአርቲ (ነፃ የራውተር ፈርምዌር) ላይ የፌይልሴፍ ሁኔታ (የማዳኛ አነሳስ) በ192.168.1.1 ይገኛል፤ አድራሻ ስለማያድል ኮምፒውተሩን በእጅ መሰየም ግድ ነው።

ጽሕፈቱ መሃል ላይ እንዲቋረጥ የሚያደርገው በአብዛኛው «ዘገየ» ብሎ ገመዱን የሚነቅል እጅ ወይም አቅም የሌለው ተተኪ አዳፕተር ነው። የሞዴሉ ስም አንድ ሆኖ የሃርድዌር ቨርዥኑ የተለየ ፈርምዌርም ራውተር ይገድላል፤ ስቲከሩ ላይ ከሞዴሉ ስም አጠገብ ያለውን የቨርዥን ቁጥር ሳታነቡ ፋይል አታውርዱ።